ሳይለቀስ “ያጥናሽ” አይባልም

ጋሽ ይትባረክ ማረፋቸውን ያወቅሁት አርፍጄ በመነሣቴ ነው።

ደብረ ታቦር ከተመደብሁ ጀምሮ የምትደውል ሰዓት ኖራኝ አታውቅም፤ አታስፈልገኝምም ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ፣ የጉና ብርድ በበሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ፣ ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ የመቋሚያ ኳኳታ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሳቸው ድምፅ፤ ቀጥሎ የእኔ እርግማን። እኔ እንቅልፍ እወዳለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ለዓመታት በየማለዳው ያን ሽማግሌ እየረገምሁ ተነሥቼ አንድ ቀን ከሥራዬ አርፍጄ አላውቅም። ያን ቀን ግን ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፎኛል። ሰው ያታለለኝ ይመስል እየተናደድሁ ካልሲዬን ስፈልግ ነው ነገሩ የገባኝ። ካልሲውን ትቼ በባዶ እግሬ ሄጄ በራቸውን ገፋሁት። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አርፈዋል።

ስጮህ መጀመሪያ የደረሱት የግቢው ባለቤት እትዬ ይታይሽ ናቸው። ደፉ ላይ ቆመው አዩ፤ “ነፍስ ይማር” አሉ፤ ተመልሰው ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ለቀብር ሲወጣ እትዬ ይታይሽ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። በኛ አገር ሰው የተጣላውን እንኳ ይቀብራል። በአንድ ግቢ ያን ያህል ዘመን አብሮ የኖረን ሰው አለመቅበር ነውር ነው፤ ከተማው ታዘበ፤ እኔም ታዘብሁ። ምክንያታቸውን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምክንያታቸው ልጃቸው ታንጉት ናት።

ስለ ታንጉት ከማውራቴ በፊት ስለ ሰውየው ላውራ።

ጋሽ ይትባረክ በሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ እንግሊዝኛቸው ግን እንደ ነገሩ ነው። ተማሪዎቹ “ግሪኩ” ይሏቸዋል፤ ይህንንም ያውቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ አቴና የገዟት ጥቁር ካፖርት ከመለበስ ብዛት አረንጓዴ ወደ መሆን ደርሳለች። ንባቡን በጉና ሥር፣ ቅኔውን ጋይንት ወርደው ከጨረሱ በኋላ፣ በንጉሡ ዘመን ቤተ ክህነት ነገረ መለኮት ተምረው እንዲመለሱ ወደ ግሪክ አገር ላከቻቸው። እሳቸው ግን ዩኒቨርሲቲው ሲደርሱ የተላኩበትን ክፍል ትተው ማዶ ካለው ገቡ፤ የጥንቱ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ በራሱ በጥንቱ ቋንቋ ከሚነበብበት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ በኮሪደሩ ሲያልፉ አንዲት ሴት በድምፅ ስታነብ ሰምተው እግራቸው አልንቀሳቀስ እንዳላቸው ነገሩኝ። “ቅኔ ቤት ቅኔ ቤት ሸተተኝ” ነው ያሉኝ።

የአቴናን ነገር ሲያወሩ ፊታቸው የልጅ ፊት ይሆናል። መጀመሪያ ዓመት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ተባረዋል። እሳቸው ባደጉበት ማንበብ ማለት በድምፅ ማንበብ ነው፤ ዝም ብሎ መጽሐፍ ላይ ያፈጠጠ ተማሪ የተኛ ተማሪ ነው፤ የኔታ በአርጩሜ ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ፈረንጅ አንገቱን ደፍቶ ከተቀመጠበት አዳራሽ መካከል ብድግ ብለው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ገጻቸውን በዜማ ይሉት ጀመር። ጠባቂው መጥቶ ክንዳቸውን ሲይዛቸው፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ የሚያጠና እሳቸው ብቻ በመሆናቸው ሊያመሰግናቸው የመጣ መስሏቸው ነበር።

ፈተናው ላይ ደግሞ የባሰ ሆነ። ከአንድ ረጅም ግጥም፣ ሠራዊት ስለ ከበባት ከተማ ከሚያወራው፣ ጥቂት መስመር ተሰጥቶ አስረዱ ተባለ። ጋሽ ይትባረክ ያን ክፍል፣ ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ያለውንም ጨምረው፣ አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ በቃላቸው ጻፉት። ማብራሪያው ቦታ ላይ “ትርጓሜው ገና ነው” ብለው አስረከቡ። መቀለዳቸው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ይቀድማል፤ ዜማ ይከተላል፤ ትርጓሜ የሚመጣው ቆይቶ፣ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው ነው። ያልተቀበሉትን ትርጓሜ ከራስ አውጥቶ መጻፍ ድፍረት ነው። ወደቁ። ያቺ በኮሪደር የሰሟት ሴት፣ አሮጊት ፕሮፌሰር፣ አስጠርታ በአገራቸው እንዴት እንደሚማሩ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ከዚያ ይህ ግጥምም ሳይጻፍ በፊት በሰው አፍ ላይ ነበር የኖረው ብላ፣ ከቢሮዋ ጀርባ የነበረውን የዕቃ ክፍል ከፈተችላቸው፤ እዚህ እንደ ልብህ ጩኽ አለቻቸው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የጨረሱት ከመጥረጊያና ከባልዲ መካከል ቆመው እየጮኹ ነው።

“ትርጓሜው ገና ነው” የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው አልተዉትም። ደመወዝ ሲዘገይ ትርጓሜው ገና ነው። ካድሬ መጥቶ ስለ አዲሱ መመሪያ ምሳ ሰዓታችንን በልቶ ሲሄድ ትርጓሜው ገና ነው። እጮኛዬ ትታኝ ሌላ ያገባች ጊዜ እንኳ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያሉኝ ይህንኑ ነው። ያን ቀን በመቋሚያቸው ልመታቸው ቃጥቶኝ ነበር።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቷል። ቤተ ክህነት ያልላክንህን ተማርህ አለቻቸው፤ መንግሥት ደግሞ ግሪክኛ ለአብዮቱ ምን ይፈይዳል አለ። እንግሊዝኛ ያስተምሩ ተብለው ደብረ ታቦር መጡ፤ ከእትዬ ይታይሽ ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ምሳና እራታቸውም ከሴትዮዋ ቤት ሆነ።

እንግዲህ ታንጉት። እኔ አላየኋትም፤ ከኔ መምጣት በፊት የሆነ ነው፤ የማወራው ከግቢው ሰው በቁራጭ በቁራጭ የሰማሁትን ነው። ለእናቷ አንድ ልጅ ናት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ምሳ ይዛ ስትመጣ ጋሽ ይትባረክ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬት ላይ የሚጭሩትን ፊደል አይታ ምንድን ነው አለች። ነገሯት። በማግስቱ ሁሉንም ሳትሳሳት ጽፋ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ አብራቸው በአጥሩ ጥግ እየተመላለሰች መስመር በመስመር ትቀበል ጀመር፤ እሳቸው ሲሉ እሷ ትሰማለች፤ ሲሳሳቱ ታርማለች። በዜማ ቤት ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በቃል የያዘ ሰው ሰሚ ከሌለው ሳያውቀው ይስታል። እትዬ ይታይሽ በዚያን ጊዜ ልጄ ፈረንጅ ልትሆን ነው እያሉ ይስቁ ነበር አሉ። ጋሽ ይትባረክም እኔ ከደረስሁበት ታልፋለች እያሉ መምህራኑን ያሰለቹ ነበር።

ከዚያ ያ የመከራ ጊዜ መጣ። የደርግ ሰዎች ታንጉትን ከቤቷ ወሰዷት። ሰንብቶ ለእናትየው የለበሰችው ሹራብ ብቻ ተመለሰላቸው፤ ሬሳዋ የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ፀረ ሕዝብ አይለቀስለትም ተባለ። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም፣ ድምፅ ማሰማት የለም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ ሰነበተ። ጎረቤቱ ግን ጨርሶ አልተዋቸውም። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ፣ ወንዝ ሲወርዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሳለሙ፣ አንዱ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው “እግዜር ያጥናሽ” ይላቸውና እንዳልተናገረ ሆኖ ያልፋል። እትዬ ይታይሽ ይህን ቃል ማን እንዳላቸው፣ ማን እንዳላላቸው አንድ በአንድ ያውቃሉ።

ጋሽ ይትባረክ አላሏቸውም። ከጓዳቸው ገብተው እየበሉ፣ ልጃቸውን እያስተማሩ የኖሩት ሰው፣ ያቺን ቃል በሹክሹክታ እንኳ አልተነፈሷትም። ይባስ ብለው በዚያው ሰሞን የግሪክ መጽሐፎቻቸውን ሁሉ ጓሮ ወስደው አቃጠሉ። ያን ጊዜ ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር፤ ማንም የማያነበው ፊደል ከግቢው ቢገኝ ተከራዩንም አከራይዋንም ይዞ ይሄዳል። እትዬ ይታይሽ ግን ያዩት ጭሱን ነው።

“ፈሩ” አሉኝ አንድ ቀን ድንች እየላጡ። “ለልጄ ቀርቶ ለመጽሐፋቸውም አላለቀሱ።”

እኔ ከአርሲ ተመድቤ፣ የፊዚክስ መጽሐፌንና አንድ ፍራሽ ይዤ፣ ከዚህ ግቢ የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ማለዳ ዲያቆን መስለውኝ ነበር። በሁለተኛው ያበዱ መሰለኝ። በሦስተኛው በሩን በርግጄ ወጣሁና የሰው እንቅልፍ ነው የሚሰርቁት አልኋቸው። ጋሽ ይትባረክ አልተቆጡም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩኝ።

“አንተ ፊዚክስህን መጽሐፍ ላይ ተኝቶ ታገኘዋለህ” አሉ። “የኔው መጽሐፍ ተቃጥሏል። እኔ የተኛሁ ዕለት እሱም አብሮ ይተኛል።”

ያን ረጅም ግጥም ከዳር እስከ ዳር በራሳቸው ውስጥ ነበር የተሸከሙት፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም፤ በዚያ ከተማ አንድ ቃል የሚያርማቸውም የለም። ጭንቀታቸው ይህ ነበር፤ ሊሞቱ አይፈሩም፤ መርሳት ግን ይፈራሉ። እኔን ሰሚ ሊያደርጉኝ የቆረጡት ያን ማለዳ ይመስለኛል። እምቢ ብል ምን ይጠቅመኛል፤ ለነገሩ ነቅቻለሁ። ፊደሉን መሬት ላይ እየጫሩ አስተማሩኝና ስንጨርስ በእግራቸው እያበሱ አጠፉት። የግሪኩ ግጥም ረጅምና አጭር ድምፅ አለው፤ ረጅሙ ሲመጣ መቋሚያቸው መሬት ይመታል፤ ትከሻቸው እንደ አቋቋም መምህር ዘንበል ይላል። የፊዚክስ ሰው ነኝና ምቱ ቶሎ ገባኝ። ቃሉ ግን ክረምትና በጋ እየተፈራረቀ፣ ጉና እየነጣ እየጠቆረ፣ በግድ ገባኝ። እንደ ታንጉት አይደለሁም፤ ይህን ጋሽ ይትባረክም አልደበቁኝም።

አንዳንድ ቀን መስመር ይጠፋቸዋል። አጥሩ ላይ ፊታቸውን ደፍተው ይቆማሉ፤ መሬቱን ይመታሉ፤ ምቱ አለ፣ ቃሉ የለም። ከተማርሁት ከሆነ እኔ አነሣላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግንባሬን ይስሙኛል። ካልተማርሁት ግን ቀኑን ሙሉ ክፍል ገብተው እንኳ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሳይመለሱ የቀሩ መስመሮች ነበሩ። ስለ እነሱ ሲያወሩ ስለ ሞተ ሰው እንደሚያወሩ ነበር።

በየቀኑ የሚሉት ክፍል ይለያያል፤ ማሳረጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ከታችኛው ጥግ፣ ከእትዬ ይታይሽ መኝታ ቤት ግድግዳ አጠገብ ስንደርስ ይቆሙና አራት መስመር ይላሉ። ያቺ ላይ ተሰናክለው አያውቁም። ቃሉን ስለምድ እንዲህ እንደሚል ገባኝ፤

ውርጭ ወረደ፣ ወተት ባልያዘው ገብስ ላይ፤
ቀዝቃዛው ተራራ አየ፣ ዝም አለ፤
ከእናቲቱ ደጅ ማንም አልተቀመጠም፤
እኔ ግን ማለዳ ማለዳ እቆማለሁ።

ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “ከልቅሶው ነው” አሉኝ። ያ ግጥም ከዳር እስከ ዳር ለሞቱ ሰዎች የሚለቀስበት ነውና የትኛው ልቅሶ ብዬ አልጠየቅሁም። በግሪክም ገብስ አለ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። ገብስ ያልተበላበት ጦርነት የት አለ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ እትዬ ይታይሽ ደፍሬ ተናገርሁ። ሴትዮዋ ቃላቸውን እየጠበቁ ነው፤ አንድ ቀን ገብተው እግዜር ያጥናሽ ቢሏቸው ምን ይጎድልብዎታል አልሁ። ጋሽ ይትባረክ ካፖርታቸውን ቆለፉ፤ ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉ።

“ሥርዓት አለው” አሉኝ። “መጀመሪያ ይለቀሳል። አጽናኝ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይለቀስ ያጥናሽ አይባልም።”

ሰበብ መሰለኝ። ቤተ ክህነት ያሳደገው ሰው ለሁሉም ነገር ሥርዓት አያጣም ብዬ በልቤ አማሁ።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው የአብዮቱ በዓል ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በማለዳ ሲያልፍ ጋሽ ይትባረክን ሰምቶ ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቃቸው። ግሪክኛ ነው፤ ከአገራቸው ርቀው ስለሚዋጉ ወታደሮች የሚያወራ ነው አሉት። ጭቁኖች ናቸው ወይ አለ። ወታደር መቼ ጭቁን ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል አሉ። ሊቀመንበሩ ደስ አለው። የቀበሌው የኪነት ቡድን በዚያ ዓመት ሁለት መዝሙር ብቻ ነበር ያለው፤ እንግዳ ደግሞ ከባሕር ዳር ይመጣል። የዓለም ሕዝቦች ወዳጅነት በሚል መርሐ ግብር ጋሽ ይትባረክ ከመድረክ ወጥተው እንዲያሰሙ ታዘዙ። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሺ አሉ፤ ቶሎ ነው እሺ ያሉት፤ ያ ገረመኝ።

በዓሉ ዕለት ከተማው በሙሉ ተጠርቶ ሜዳው ላይ ቆሟል፤ የቀረ ስሙ ይያዛል። እትዬ ይታይሽም ከቀበሌያቸው ሴቶች ጋር ከፊት ተሰልፈዋል። መፈክር ተባለ፣ ግራ እጅ ተነሣ፣ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያ ያቺ አረንጓዴ ካፖርት መድረኩ ላይ ብቅ አለች። እኔ ስለ መርከቦቹ ወይም ስለ ፈረሶቹ የሚለውን፣ ደመቅ ያለውን ይመርጣሉ ብዬ ነበር። ጋሽ ይትባረክ ግን መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መትተው ያቺን ማሳረጊያ ጀመሩ። ጨርሰው ደገሟት። እንደገና ደገሟት። ማለዳ ማለዳ እንደሚሏትም አልነበረም፤ ድምፃቸው እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ይሄድ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሜዳውም ተከትሎ አጨበጨበ። ጋሽ ይትባረክ እጃቸውን ዘርግተው እንደ መከልከል አደረጉ። ትሕትና መስሎን ይበልጥ አጨበጨብን።

እትዬ ይታይሽ አላጨበጨቡም። እሳቸው ያዩት ግልጽ ነው፤ ልጃቸውን ከበሉት ሰዎች ጎን ቆሞ የሚዘፍን መምህር ነው ያዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሽ ይትባረክ ምግብ አልሠሩም። ክፍሉን ልቀቁ አላሏቸውም፤ የእግዜር ሰላምታ ግን ነፈጓቸው። ጋሽ ይትባረክ ድንች እየቀቀሉ፣ ግማሹን እያሳረሩ ይበሉ ጀመር። ሄደው እንዲያስረዱ ለመንኋቸው። ምን ብዬ አሉኝ።  ማለዳ ግን ያቺን ጥግ አልቀየሩም፤ እትዬ ይታይሽም መስኮታቸውን ከውስጥ መዝጋት ለመዱ። በአንድ ግቢ እንዲህ ተዘጋግተው ዓመታት አለፉ። መካከላቸው ሆኜ አንዱን ወድጄ ሌላውን ማማት አቃተኝ፤ ሁለቱንም እወድ ነበርና።

እንዲህ እንዳሉ ነው ጋሽ ይትባረክ ያረፉት፣ እትዬ ይታይሽም ሳይቀብሯቸው የቀሩት።

በዚያው ክረምት ለመምህራን ሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዝናቡ አላስወጣ ሲል ቤተ መጻሕፍት እውላለሁ፤ አንድ ቀን ከመደርደሪያዎቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ማንም ከማይደርስበት፣ ያን ፊደል አየሁ። ያ ግጥም ነበር። ለዓመታት መሬት ላይ ተጭሮ የማውቀው፣ በወረቀት ላይ ታትሞ። እንባዬ መጣ፤ መጽሐፉን አቅፌ ወንበር ፈለግሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥልጠናው ስወጣ የምሄደው ወደ እሱ ሆነ። ገጽ በገጽ ከጋሽ ይትባረክ ጋር አስተያየሁት። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያለ መጽሐፍ፣ እንደኔ ያለ ደካማ ሰሚ ይዘው፣ የሳቱት እጅግ ጥቂት ነበር። የጠፉባቸውን መስመሮች ሳገኝ ጮክ ብዬ አልኋቸው፤ አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ ወንድም፣ እዚህ በድምፅ አይነበብም አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረ፤ ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ።

ማሳረጊያዋን ግን አላገኘኋትም። ልቅሶ ያለበትን ክፍል ሁሉ አየሁ። ዘልዬ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና በጣቴ እየተከተልሁ ሄድሁ። ሴቶቹ ለልጆቻቸውና ለባሎቻቸው የሚያለቅሱበትን በሙሉ አነበብሁ። ውርጩ የለም። ወተት ያልያዘ ገብስ የለም። ማንም ያልተቀመጠበት የእናት ደጅ የለም። ጋሽ ይትባረክ የቅኔ ተማሪ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያስታወስሁት። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የሌላውን ግጥም በቃሉ ብቻ አይዝም፤ የራሱንም ይቀኛል። ያቺን አራት መስመር የተቀኙት ራሳቸው ናቸው፤ በዚያ ቋንቋ፣ በዚያ ምት፣ ማንም እንዳይለያት አድርገው። ገብሱ የጉና ገብስ ነው። ልቅሶው የታንጉት ነው። አይለቀስላትም የተባለችውን ልጅ በየማለዳው ከእናቷ ግድግዳ ሥር ቆመው ሲያለቅሷት ኖረዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ፣ አይለቀስም ካሉት ሰዎች መድረክ ላይ ወጥተው፣ በከተማው ሁሉ ፊት አልቅሰዋታል። እኛም አጨበጨብን።

መስከረም ሲጠባ ተመለስሁ። እትዬ ይታይሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ላይ የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ልጣጩ ሳይቆረጥ ይወርዳል። ስጨርስ፣ ያቺን ነገር በአማርኛ በላት አሉኝ። አልኋት። አንድ ጊዜ ድገማት አሉ። ደገምኋት።

“በየቀኑ ይሉት የነበረ ይኸን ነው?”

“በየቀኑ።”

“ያን ዕለትስ? መድረኩ ላይ?”

“ያን ዕለትም እትዬ። ሌላ አላሉም።”

ለምን አልነገሩኝም አላሉኝም። ቢያውቁ ኖሮ በየማለዳው ዝም ብለው መስማት እንደማይችሉ፣ ድምፃቸውን ያሰሙ ዕለት ደግሞ እንደሚወሰዱ፣ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ቃላቸውን ለምን እንደ ከለከሏቸው ግን ነገርኋቸው፤ ሳይለቀስ ያጥናሽ አይባልም ያሉኝን። እትዬ ይታይሽ ቢላዋውን መሬት አስቀመጡና ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገዋል። ሐዘንተኛ የሚለብሰው እንዲህ ነው። ለታንጉት እንዲህ ለብሰው አያውቁም።

“ካሉበት ውሰደኝ” አሉኝ።

በቀትር፣ በዋናው መንገድ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት አለፍን። እኔ የጽሕፈት ቤቱን በር በዓይኔ ጫፍ አያለሁ፤ እትዬ ይታይሽ ቀና ብለው ነው የሚሄዱት። ሴቶች ከሱቅ ደጅ እየተነሡ፣ እትዬ፣ ማን ሞተብዎ ይላሉ። “ልጄ” ይላሉ፤ አይቆሙም። የጠየቀችው ሁሉ ጥቂት ቆማ ታስብና ነጠላዋን ገልብጣ ትከተላለች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ባይ መንገዱ በሴት ተሞልቷል። ማንም አልከለከለም። የሚከለክሉትም የደከማቸው ይመስለኛል።

የጋሽ ይትባረክ መቃብር ገና አፈር ነው፤ ክረምቱ ሣር አብቅሎበታል። እትዬ ይታይሽ ከአጠገቡ ቆመው ያን ሁሉ ዘመን ያልጠሩትን ስም ጠሩ። “ታንጉት” አሉ። ሴቶቹ ተቀበሉ። እኔ ያን ዓይነት ልቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ ያልተለቀሰላቸው ልጆች እናቶች ሌሎችም ነበሩና እያንዳንዷ የራሷን ስም ጨመረች። ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ።

ሲበርድ እትዬ ይታይሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ወደ መቃብሩ ቀረብ ብለው፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ለባለ ሐዘኑ እንደሚያደርገው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ለጋሽ ይትባረክም የማጽናኛ ቃል የነገራቸው ሰው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

“መምህር፣ አለቀስን” አሉ። “አሁን እግዜር ያጥናዎ።”